በኦክላንድ ወደብ የዘመመችው መጠጥ ቤት

እዚህ ቤት ባንኮኒ ላይ የተቀመጠ የቢራ ብርጭቆ እንደ ሌላው ቤት አይታይም። ቢራው በአንዱ ጎን ወደ ብርጭቆው አፍ ይጠጋል፣ በሌላው ጎን ዝቅ ይላል። የዘመመው ቢራው ሳይሆን ባንኮኒው ነው። ወለሉም ቢሆን ከደጃፉ ጀምሮ ቁልቁል ይወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ሰው አንድ ደረጃ ወደ ታች ረግጦ ሚዛኑን ለመጠበቅ ያገኘውን ይይዛል፤ ቋሚ ደንበኛው ግን ጉዳዬም ሳይል ይራመዳል፣ ብርጭቆውንም የት እንደሚያስቀምጥ ያውቃል። በግድግዳው ላይ ያለው ብርሃን ከጋዝ ፋኖስ የሚወጣ ቢጫ ብርሃን ነው። ጣሪያው በጭስና በዘመን ብዛት ጠቁሯል፤ የቆዩ ኮፍያዎች፣ የአድራሻ ካርዶችና ስም የተጻፈባቸው የዶላር ኖቶች ተለጣጥፈውበታል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ጥቂት ሰው ከገባበት ይሞላል።

ቤቱ የሚገኘው በካሊፎርኒያ፣ በኦክላንድ ከተማ፣ ዌብስተር የተባለው ጎዳና ከውኃው ጋር በሚገናኝበት ዳርቻ ነው። ዙሪያውን አፓርታማ፣ ምግብ ቤትና የመዝናኛ ጀልባ ማቆሚያ ከቦታል። ወደ ምዕራብ ሲያዩ ደግሞ ኮንቴይነር የሚያነሱ ግዙፍ ክሬኖች በሰማዩ ላይ ተደርድረዋል። ከዚያ ሁሉ መሐል አንዲት ፎቅ የሌላት የእንጨት ጎጆ ተቀምጣለች። ሙሉ ስሟ «የሃይኖልድ የመጀመሪያና የመጨረሻ ዕድል መጠጥ ቤት» ነው። የተከፈተችው በ1883 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) ያኔ አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም፤ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ ወርደው ቦታውን የወደዱት ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው።

ጎጆዋ የተሠራችው በ1880 አካባቢ ዓሣ ነባሪ ሲያድን ኖሮ ከፈረሰ አሮጌ መርከብ በተገኘ እንጨት ነው። በዚያ ዘመን ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። አገልግሎቱን የጨረሰ መርከብ ሲፈርስ ጨው የጠጣው ሳንቃ ለቤት፣ ለድልድይና ለመጋዘን ይውላል። መጀመሪያ የታነጸችው ለመጠጥ ሳይሆን ለማደሪያ ነበር። ኦይስተር የሚባለውን፣ በዛጎል ውስጥ የሚኖረውንና እንደ ውድ ምግብ የሚቆጠረውን የባሕር ፍጥረት የሚያረቡ ሠራተኞች ያድሩባት ነበር። ከባሕሩ ጭቃ ውስጥ በተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ቆማ ስለነበር ከሥሯ ውኃ ይመላለሳል።

ጆኒ ሃይኖልድ የተባለ ሰው ይህችን ማደሪያ በ100 ዶላር ገዛት፤ ከአንድ የመርከብ አናጢ ጋር ሆኖ ባንኮኒና መደርደሪያ አበጀላት፤ በ1883 ሰኔ መጀመሪያ ላይም በሯን ከፈተ። የመርከብ አናጢ እጅ መሆኑ ዛሬም ያስታውቃል። ቤቷ ከውስጥ ስትታይ ከመኖሪያ ቤት ይልቅ የመርከብ ጓዳ ትመስላለች፤ ሁሉም ነገር ዝቅ ያለ፣ የተጠጋጋ፣ አንድ ስንዝር ያልባከነበት ነው።

ስሟን ያገኘችው ከጀልባ ተሳፋሪዎች ነው። ከውኃው ማዶ አላሚዳ የምትባል ደሴት አለች። በዚያን ጊዜ አላሚዳ መጠጥ የማይሸጥባት ከተማ ነበረች። ወደዚያ የሚሻገረው ጀልባ ደግሞ ከዚህችው ጎጆ አጠገብ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሠራተኛ አንድ ብርጭቆ የሚጠጣበት የመጨረሻው ቦታ ይህ ሆነ፤ በማግስቱ ሲሻገር የሚያገኘው የመጀመሪያው ቦታም ይኸው ነው። ኋላ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ የሚወጡ መርከበኞችና ወታደሮች ስሙን ለራሳቸው አደረጉት። ለእነሱ የመጨረሻው ዕድል የሚባለው ነገር ከበድ ያለ ነበር።

በዚያ ዘመን የወደብ መጠጥ ቤት ምን እንደነበረ ካልታወቀ የዚች ቤት ታሪክ ግማሹ ይጠፋል። ለወራት ባሕር ላይ ቆይቶ የወረደ መርከበኛ በከተማው ውስጥ ዘመድ የለውም፣ አድራሻ የለውም፣ የባንክ ደብተር የለውም። ደመወዙን የሚመነዝርለት፣ ደብዳቤውን ተቀብሎ የሚያስቀምጥለት፣ የትኛው መርከብ ሰው እየቀጠረ እንደሆነ የሚነግረው፣ ብርድ ሲሆን ምድጃ የሚያሞቀው፣ ገንዘብ ሲያልቅበት በዱቤ የሚያጠጣው የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ነው። ይህ ሁሉ በጎ አድራጎት ብቻ አልነበረም። በባሕረ ሰላጤው ማዶ በሳን ፍራንሲስኮ አንዳንድ ማደሪያና መጠጥ ቤቶች መርከበኛውን አስክረው፣ አንዳንዴም አደንዝዘው፣ ሳይፈቅድ ለመርከብ አዛዥ ይሸጡት ነበር። ሲነቃ ራሱን ባሕር መሐል ያገኘዋል፤ የቅድሚያ ደመወዙን ደግሞ ደላላው በልቶታል። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1915 የመርከበኞችን ሕግ ሲያወጣና የባለ ሸራ መርከብ ዘመንም ሲያከትም ነው ይህ ንግድ የሞተው። እንግዲህ አንድ የወደብ መጠጥ ቤት ባለቤት በዚህ ዓለም ውስጥ እምነት የሚጣልበት ሰው ተብሎ ስሙ ከተነሳ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ሃይኖልድ እንዲህ ያለ ሰው እንደነበረ የምናውቀው ባለዕዳው ጸሐፊ ስለሆነ ነው።

ይህ ጸሐፊ፣ ጃክ ለንደን፣ በ1876 ሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ በኦክላንድ በድህነት አደገ። በልጅነቱ ጋዜጣ አዞረ። የማንበብ ፍቅሩን ያየችለት በኦክላንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ትሠራ የነበረችው ባለቅኔዋ ኢና ኩልብሪት ነበረች፤ መጽሐፍ እየመረጠች ትሰጠው ነበር። የወላጆቹ ቤት ግን ለልጁ ማጥኛ የሚሆን ጸጥታ አልነበረውም፤ በሃይኖልድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የትምህርት ቤት ሥራውን ይሠራ እንደነበር የመጠጥ ቤቷ ሰዎች ሲያወሱ ኖረዋል። ከዚያ የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካ ገባ። የሚከፈለው በሰዓት 10 ሳንቲም ነበር፤ የሥራው ሰዓት ግን ማብቂያ አልነበረውም።

በ15 ዓመቱ አንድ ነገር ወሰነ። ጀልባ ገዝቶ የኦይስተር ሌባ ለመሆን። የኦይስተር ማርቢያዎቹ በግለሰቦችና በኩባንያዎች የተያዙ ነበሩ፤ ሌቦቹ በሌሊት ገብተው ይለቅሙና ጠዋት ኦክላንድ ገበያ ላይ ይሸጣሉ። አንድ ሌሊት የሚያስገኘው ገቢ በፋብሪካው ብዙ ሳምንት የሚለፋበት ነው። ራዝል ዳዝል የተባለችውን ባለ ሸራ ጀልባ ለመግዛት 300 ዶላር ያስፈልገው ነበር። ያበደረችው ቨርጂኒያ ፕሬንቲስ ናት፤ በባርነት የተወለደች፣ ኋላ ነፃ የወጣች፣ ሕፃን ሆኖ ጡቷን አጥብታ ያሳደገችው ጥቁር አሜሪካዊት። የጀልባዋ ሽያጭ የተፈጸመው ደግሞ በሃይኖልድ ቤት ነው። ገንዘቡ ባንኮኒው ላይ ተቆጠረ፤ ሻጩም እንደ ደንቡ ጋበዘ።

ለንደን ይህን ሁሉ በ1913 ባሳተመው «ጆን ባርሊኮርን» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ጽፎታል። መጽሐፉ ከመጠጥ ጋር ስለኖረው ሕይወት የሰጠው ኑዛዜ ነው፤ የሃይኖልድ ቤትም ደጋግማ ትነሳለች። ከሁሉ የማይረሳኝ የስድስቱ ቢራ ታሪክ ነው። ኔልሰን የተባለ ስመ ጥር የኦይስተር ሌባ ወጣቱን ለንደንን ወደ ሃይኖልድ ቤት ይዞት ገባና ቢራ ጋበዘው። ደገመው። ሠለሰው። ብርጭቆው 5 ሳንቲም ነበር፤ ስድስት ጊዜ ጋበዘው። ልጁ የቢራ ጣዕም አይወድም፤ ከረሜላ ነበር የሚወደው። ከተለያዩ በኋላ ብቻውን ሲያስብ ነው ነገሩ የገባው። ሰው ሲጋብዝህ ትጋብዘዋለህ። እሱ ስድስት ጊዜ ጠጥቶ አንድ ጊዜ እንኳ እጁን ወደ ኪሱ አልሰደደም። ኀፍረት ፊቱን አቃጠለው።

ይህን ለማንም ኢትዮጵያዊ ማብራራት አያስፈልግም። ጠጅ ቤትም ሆነ ግሮሰሪ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ዙር ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የሰው ዙር ጠጥቶ የራሱን ሳያዝ ሹልክ ያለ ሰው ስሙ እስከ መቼ እንደሚነሳም ያውቃል። የለንደን ዓይን ግን ከዚህ አልፎ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገንዘብን የሚያይበት መንገድ ተለወጠ። ለፋብሪካ ልጅ 30 ሳንቲም የሦስት ሰዓት ድካም ነበር፤ በባንኮኒው ላይ ግን ወንድነት፣ ጓደኝነትና የመርከብ ሥራ የሚገኝበት መግቢያ ሆነ። መጠጡን ሳይወደው ጠጣ፤ ሰዎቹን ስለወደደ። ዓመታት ካለፉ በኋላ መጠጡን ራሱን መፈለግ ጀመረ። በመጽሐፉ ያሰፈረው ጭብጥ ይህ ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ ስለ ሱስ ካነበብኩት ሁሉ ከዚህ ይበልጥ እውነተኛ ሆኖ ያገኘሁት ጥቂት ነው።

ከኦይስተር ሌብነት ወጥቶ የዓሣ ጠባቂ ፖሊስ ሆነ። በአንድ ሌሊት ሰክሮ ከጀልባ መርከቢያ ውኃ ውስጥ ወደቀና ለሰዓታት ከማዕበሉ ጋር ሲንሳፈፍ አድሮ ለጥቂት ተረፈ። በ1893 ሶፊያ ሰዘርላንድ በተባለች መርከብ ተቀጥሮ እስከ ጃፓን ባሕር ዘለቀ፤ ሲመለስ ስለዚያ ጉዞ ማዕበል የጻፈው በሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ ውድድር አንደኛ ወጥቶ 25 ዶላር አሸለመው። አገር ለአገር በባቡር ተሳፍሮ ያለ ትኬት ዞረ፣ በቦዘኔነት ተከሶ 30 ቀን ታሰረ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው መማር አለብኝ ያለው። በ1896 በርክሌይ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በቃ። ገንዘብ ግን አልነበረውም።

የሄደው ወደ ሃይኖልድ ነው። ሃይኖልድም አበደረው፤ ያለ ወለድ፣ ያለ ዋስ፣ ለደንቡ ያህል እንኳ አንዲት ብርጭቆ ሳያስገዛው። ለንደን በመጽሐፉ ይህን ሲያነሳ የሚያመሰግነው ያህል ሌላም ነገር ይናገራል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት በዚያ አካባቢ ሲያልፍ መንገዱን ጠምዝዞ ወደ ሃይኖልድ ቤት ይገባ ነበር፤ መጠጥ አምሮት ሳይሆን የዚያን ብድር ወለድ በባንኮኒው ላይ ለመክፈል። ሃይኖልድ አልጠየቀውም፣ አልጠበቀበትምም። ደግነቱ ነው ያሰረው።

የቤቲቱ ታሪክ ሁሉ እዚህ ላይ ተሰብስቦ ይታየኛል። ብዙ ጊዜ ስለ ለንደንና ስለ ሃይኖልድ ሲጻፍ ታሪኩ አንድ ደግ መጠጥ ሻጭ አንድን ታላቅ ደራሲ አስተማረ ተብሎ ይቋጫል። ሌላው ወገን ደግሞ ለንደን በ40 ዓመቱ መሞቱን አንስቶ እንዲህ ያለ ቤት ምን መልካም ነገር ያፈራል ይላል። ሁለቱም የለንደንን ቃል ቆርጠው ነው የሚወስዱት። ለአንድ ድሃ ልጅ መጽሐፍ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ፣ ጀልባ የሚገዛበት ገበያ፣ የባሕር ወሬ የሚሰማበት ሸንጎና የትምህርት ብድር የሚያገኝበት ባንክ በከተማው ውስጥ ሌላ ቦታ አልነበረም። ሁሉም ያሉት መጠጥ ቤት ውስጥ ነበር። ጥፋቱን የቤቲቱ ወይም የሃይኖልድ አላደርገውም። ከተማይቱ ከመጠጥ ቤት በቀር እንዲህ ያለ ቤት ስላልከፈተችለት ነው፤ ለንደን ራሱ በ1911 በካሊፎርኒያ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ ድምፁን የሰጠውም ሴቶች የመጠጥ ቤቱን በር ይዘጋሉ ብሎ አምኖ ነው።

ከዚያች ጎጆ የወጡት ሰዎች ወደ መጽሐፎቹ ገብተዋል። በ1904 የታተመው «የባሕር ተኩላ» ልብ ወለድ ጨካኝ አዛዥ የተቀዳው ከአሌክሳንደር ማክሊን ነው ይባላል፤ ማክሊን በዚያ ዘመን በፓስፊክ የታወቀ የአቆስጣ አዳኝ መርከብ አዛዥ ነበር። ለንደን በ1907 ስናርክ የተባለችውን የራሱን መርከብ አሠርቶ ወደ ሃዋይና ወደ ደቡብ ባሕር የወጣውም ከዚሁ ከኦክላንድ ነው።

ያ ከመሆኑ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ምድር ተንቀጠቀጠች። ሚያዝያ 18 ቀን 1906 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ሳን ፍራንሲስኮን ያወደመው መንቀጥቀጥ በኦክላንድ ወደብ የጎጆዋን ምሰሶዎች ጭቃው ውስጥ አሰጠማቸው። ሁሉም እኩል አልሰመጡም፤ ስለዚህ ወለሉና ባንኮኒው እንደዚያው ዘመው ቀሩ። ያን ዕለት የቆመው የግድግዳ ሰዓት ዛሬም አልተሞላም። ሃይኖልድ ቤቱን አንስቶ ማስተካከል ይችል ነበር። አላደረገውም፤ ደንበኞቹ ለመዱት፣ እሱም ሥራውን ቀጠለ። እስከ 1933 ኖሮ ሲሞት ልጁ ጆርጅ ተረከበው። በእነዚያ ዓመታት በመላ አሜሪካ መጠጥ የተከለከለበት ከ1920 እስከ 1933 ያለው ዘመን አልፏል፣ በ1928 ወደ አላሚዳ ከውኃው በታች የመኪና መተላለፊያ ተከፍቷል፣ በ1936 ደግሞ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚያሻግረው ትልቁ ድልድይ ተመርቋል። ለስሟ ምክንያት የሆነው የአላሚዳ ጀልባ ሚናውን ሲያጣ ቤቷ ግን አልተዘጋችም።

ጣሪያው ላይ ያሉት ኖቶች ነገር ከወታደሮች የመጣ ልማድ ነው። ወደ ፓስፊክ ጦር ግንባር የሚሄድ ወታደር በአንድ ዶላር ላይ ስሙን ጽፎ ይለጥፋል፤ ሲመለስ ኪሱ ባዶ ቢሆን እንኳ የሚጠጣበት አለው። የተመለሱት ኖታቸውን አንስተው ጠጡበት። ሳይነሱ የቀሩ አሉ። በዚያ ብርሃን ስር ጽሑፉ ደብዝዞ ለማንበብ ያስቸግራል፤ ስሞቹ ግን የሰው ስሞች ናቸው፣ ቀና ብሎ ማየት ተገቢ ነው።

በ1951 የወደቡ ዳርቻ ጃክ ለንደን አደባባይ ተባለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ለንደን ወርቅ ፍለጋ በሄደበት በካናዳ ዩኮን የኖረባት ናት የተባለች የግንድ ጎጆ ጫካ ውስጥ ተገኝታ ግንዶቿ ለሁለት ተከፈሉ፤ በግማሹ ዶውሰን ከተማ ላይ አንድ ጎጆ፣ በሌላው ግማሽ ከሃይኖልድ ቤት ጥቂት እርምጃ ርቃ ሌላ ጎጆ ተሠራች። መልካም ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ ልዩነቱን አለማየት አይቻልም። የግንዷ ጎጆ የምትታይ እንጂ የሚገባባት አይደለችም። የሃይኖልድ ቤት ግን በ2000 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ቅርሶች መዝገብ ብትሰፍርም እስከ ዛሬ የምትሠራ መጠጥ ቤት ናት። ምድጃዋ ይነዳል፣ ብርጭቆዋ ይታጠባል፣ የዘመመ ወለሏ ላይ የሰው ጫማ ይመላለሳል። አሮጌ ቤት በገመድ ታጥሮ ከሚቀመጥ ይልቅ ቢሠራበት ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህም ከዚህች ጎጆ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ወለሏን አስተካክሎ፣ ፋኖሷን በአምፑል ተክቶ፣ ግድግዳዋን ቀለም ቀብቶ «ማደስ» ይቻል ነበር። እንዲያ ቢደረግ ኖሮ ዛሬ የሚቀረው ስሟ ብቻ ነበር።

ኦክላንድ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ቤታቸው ያደረጓት ከተማ ናት። በቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የሚሸተው የበርበሬና የተቆላ ቡና ሽታ ይህን ለማንም ይናገራል። ከዚያ እስከ ወደቡ ድረስ በመኪና ብዙም አይራቅም። እዚያ ለምትኖሩ አንባቢዎች፣ ወይም ዘመድ ጥየቃ ለምትሄዱ፣ አንድ ነገር ልምከር። መጀመሪያ «ጆን ባርሊኮርን»ን አንብቡ፤ መጽሐፉ አጭር ነው። ከዚያ ከሳን ፍራንሲስኮ በመኪና ሳይሆን በጀልባ ተሻገሩ፤ ጀልባው ዛሬም ጃክ ለንደን አደባባይ አጠገብ ያወርዳል። የማይጠጣ ሰውም ቢሆን ገብቶ ቤቱን ማየት ይገባዋል። ሲገቡ ግን ደጃፉ ላይ ያለውን ደረጃ ልብ ይበሉ፤ ወደ ታች ነው።